መልስ፦ ደቻቱ (ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው ወንዝ) ላይ ወፍ አለ ወይ፣ መቼስ ልምጣ ላልከው

አቦ ማነው ደቻቱ አሸዋ ብቻ ነው ያለህ? በበጋ ድልድዩ ላይ ቆመህ ቁልቁል ካየህ እውነትህን ነው፣ ግን ወፉ ያለው ዳር ዳሩን ዛፉ ላይ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ሐምሌ ነሐሴ ና፣ ቢጫዎቹ ጎጆ ሰሪዎች ያኔ ነው የሚያብዱት። ወንዱ አረንጓዴ ሳር በአፉ ሰንጥቆ ያመጣና ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቋጥሮ ይሸምናል፣ ከዛ ተዘቅዝቆ ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል፣ እሷ ገብታ አይታ ካልጣማት ትሄዳለች እሱም እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል (ከኛ ሰፈር አከራዮች ትብሳለች ወላሂ)።

ግን ክረምት ላይ ካሜራ ይዘህ አሸዋው ውስጥ እንዳትገባ፣ ድሬ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ድንገት ነው የሚመጣው፣ የ1998 ሐምሌ መጨረሻውን ጎርፍ ያየ ያውቀዋል።

ከአውሮፓ የሚመጡትን ከፈለግክ ከጥቅምት እስከ የካቲት አለልህ፣ ጅራታቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ትንንሾቹና ነጭ ሽመላ። ለውሃ ወፍ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረማያ ሂድ፣ ሐይቁ ደርቆ ነበር አሁን ውሃው ተመልሷል። ሐረር ከዘለቅክ ደግሞ ስጋ ተራ ጋ ጭልፊቶቹን እይ፣ ስጋ በእጅህ ከያዝክ ግን ቻው በለው። እኔ አንዴ ሳንቡሳ ተነጥቄአለሁ፣ ጣቴን እንኳን አልነካኝም።