ዋንጫ በልተው ለሚነጫነጩ ልጆች

የእህቴ ልጅ የማንቼ፣ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው። እኔ አርሴናል ነኝ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ስለ ኳስ ባናወራ ይመረጣል። ባለፈው ግን ቡና እየተጠጣ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ይሄ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 17 ቀን 2016 ዓ.ም ማንችስተር ዩናይትድ ዌምብሌይ ላይ ማንችስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ የእንግሊዝን የኤፍኤ ዋንጫ በላ። ጋርናቾና ሜይኑ አገቡ። ይሄ ልጅ በዚያው ምሽት፣ ጓደኞቹ ገና እየጨፈሩ፣ “ዋንጫው ደስ ይላል፤ አሰልጣኙ ግን መሄድ አለበት” አላቸው። ምክንያቱንም ዘረዘረ። በአማካዩና በተከላካዩ መካከል ሲኖትራክ የሚያዞር ክፍት ቦታ አለ። በሊጉ 8ኛ ነው የወጣነው፤ ካገባነው የገባብን ይበልጣል። በግማሽ ፍጻሜው ኮቨንትሪን 3 ለ 0 እየመራን 3 እኩል ሆንን፣ በመጨረሻ የገባብንን ጎል የቪዲዮ ዳኛው (ቫር) ሻረልን፣ ከዚያ በመለያ ምት ሾልከን አለፍን።

ጓደኞቹ ሰደቡት። ክለቡም አሰልጣኙን ቴን ሀግን አላባረረም። እንዲያውም ውሉን በፈረንጆቹ እስከ 2026 አራዘመለት። ጥቅምት ላይ ቡድኑ 14ኛ ሆኖ ሲያገኙት አሰናበቱት።

“ጋሼ፣ ያልኩት ሁሉ ሆነ። ታዲያ ለምንድን ነው እስከ ዛሬ የሚያኮርፉኝ?” አለኝ።

“ኳስ ነው፣ ተወው” ብዬ አለፍኩት። ግን እኔም አልተውኩትም። ጥያቄው ኦዲተሩን አስታወሰኝ።

በ1997 ዓ.ም ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት እናዘወትር ነበር። ቤቱ ዛሬ የለም፤ ሰፈሩም ፈርሷል። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ረጃጅም የእንጨት አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ወፍራም ቴሌቪዥን። የማንቼ ደጋፊ በግራ፣ የአርሴ በቀኝ ይቀመጣል። ትልቅ ጨዋታ ሲሆን የበሩ ሒሳብ ይጨምራል፤ ሁሌም እንጣላለን፣ ሁሌም እንከፍላለን።

ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ መርማሪ ስለሆኑ ኦዲተሩ እንላቸዋለን። አርሴናል ናቸው፤ ግን አይጮሁም። የኒያላ ሲጋራ ፓኮ ይቀዱና ነጩን ጎን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእስክሪብቶ ጭረት ጭረት ያደርጋሉ። አንድ ቀን ምን እንደሚጽፉ ጠየቅኳቸው። በግራ ያለው ጭረት እኛ መሀል ሜዳውን ተሻግረን ሦስት ኳስ የተቀባበልንበት ነው። በቀኝ ያለው ተጋጣሚው እንዲሁ ያደረገበት። ጎል አይመዘግቡም። “ጎሉንማ ሁሉም ያየዋል” አሉኝ።

ግንቦት 13 ቅዳሜ ነበር። ምርጫው ከተካሄደ ገና ሳምንት አልሞላውም። ከተማው በሙሉ የሚያወራው ስለ ውጤት ነው፤ የት ማን አሸነፈ፣ የት ቆጠራው አልቆ የት ቀረ። እኛም 11 ሰዓት ላይ ሌላ ውጤት ልንጠብቅ ገባን። አርሴናልና ማንቼ፣ የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ካርዲፍ። ዌምብሌይ ያኔ እየተሠራ ስለነበር ፍጻሜው የሚደረገው ዌልስ ውስጥ ነው።

አጥቂያችን ሄንሪ ተጎድቷል። አሰልጣኛችን ቬንገር ምን አደረገ? 36 ዓመት የሞላውን በርካምፕን ብቻውን ፊት ላይ አቆመና ከኋላው አምስት አማካይ ደረደረ። ከአንድ ዓመት በፊት ሊጉን ያለ ሽንፈት የጨረሰ ቡድን! ቤቱ ውስጥ ያለን የአርሴ ልጆች ተያየን። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ባሰ። የማንቼዎቹ ሩኒ በአንድ ክንፍ፣ ሮናልዶ በሌላው ክንፍ ልባችንን አወለቁት። ሩኒ አንግል መታ። ቫን ኒስትሮይ በጭንቅላት የመታውን ሊዩንበርግ ከመስመር ላይ አወጣው፤ እሱም አንግል ነክቶ ነው የወጣው። በረኛችን የንስ ሌማን ያላዳነው የለም። በዚያኛው ጎል ያለው ካሮል ግን በረኛ ሳይሆን ተመልካች ነበር ማለት ይቻላል። በርካምፕ ኳስ ሲደርሰው ዞር ብሎ ያያል፤ የሚያቀብለው ሰው የለም።

ኦዲተሩን ዞር ብዬ አየኋቸው። የቀኙ ረድፍ ፓኮውን ሞልቶ ጠርዙ ላይ መጻፍ ጀምረዋል። ግራው በጣት የሚቆጠር ነው።

90 ደቂቃ አለቀ፤ 0 ለ 0። ጭማሪው 30 ደቂቃም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ሬዬስ በሁለት ቢጫ ወጣ። ከዚያ መለያ ምት። ሌማን የማንቼውን የስኮልስን ምት አዳነ። የእኛዎቹ ሁሉም አገቡ። አምስተኛውን ቪየራ ሲመታ ግማሹ ሰው አላየም፤ ፊቱን ሸፍኖ ነበር። ገባ። ያ ምት ቪየራ ለአርሴናል የመታው የመጨረሻ ኳስ ነው፤ ክረምቱ ላይ ለጁቬንቱስ ተሸጠ። እኛ ይሄን በምን እንወቅ? አግዳሚው ተገለበጠ፣ የሻይ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ባለቤቱ ራሱ መክፈያውን ረስቶ ጨፈረ።

ኦዲተሩ አልተነሱም። ጩኸቱ ትንሽ ረገብ ሲል፣ “ዋንጫው የሌማን ነው። አጨዋወታችን ግን ታሟል” አሉ። ዙሪያቸው ያለነው ሳቅን። እሳቸው ቀጠሉ። “ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ በርካምፕ ለብቻው ሮጦ ተከላካይ የሚያደክም ሰው አይደለም፤ ያለ ቦታው ነው የቆመው። ሁለተኛ፣ አምስት አማካይ ደርድረህ የክንፍ ተከላካይህ ከሮናልዶ ጋር ብቻውን ከቀረ፣ አምስቱ ምን ይሠራሉ? ሦስተኛው ግን፣ ከሁሉም የሚብሰው…”

እዚህ ላይ አንዱ ልጅ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ ማንቼ ነዎት እንዴ?” ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሌላው ስካርፉን አንገታቸው ላይ ጠመጠመላቸው። ዘፈኑ ተጀመረ። ኦዲተሩ ፈገግ አሉ፣ ስካርፉን አውልቀው መለሱለት፣ ፓኮውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ሰኞ እኔ ክፍለ ሀገር ሳይት ተመደብኩ። ተመልሼ ስመጣ ጡረታ ወጥተው ሰፈሩን ለቀዋል ተባልኩ። ሦስተኛውን ነገር ሳልሰማው ቀረሁ። ሃያ ዓመት ሆነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ሳስበው ደግሞ ያቺን ፓኮ ይበልጥ እፈልጋታለሁ።

ከዚያ በኋላ አርሴናል ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሌላ ዋንጫ ለማየት እስከ ግንቦት 2006 ዓ.ም ድረስ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅን። በእነዚያ ዓመታት ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር “ኦዲተሩ ብለው ነበር” እል ነበር።

አሁን ግን ራሴን ልቃረን ነው። በዓመቱ ያው ቬንገር፣ ያንኑ አንድ አጥቂና አምስት አማካይ ይዞ፣ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ። ልዩነቱ ፊት ላይ ያለው ሄንሪ መሆኑ ነው። ሪያል ማድሪድን በሜዳው 1 ለ 0፣ ጁቬንቱስን ከነቪየራው አሰናበተ። በተከታታይ 10 ጨዋታ ጎል አልገባበትም። ፓሪስ ላይ በባርሴሎና 2 ለ 1 የተሸነፈው ሌማን ገና በጠዋቱ በቀይ ወጥቶ፣ በጎዶሎ ተጫውቶ ነው። ታዲያ አጨዋወቱ ታሞ ነበር ወይስ መድኃኒት ነበር? ደግሞስ ቬንገር ምን ያድርግ? ከካርዲፉ ፍጻሜ በፊት፣ በዚያው በ1997 ዓ.ም፣ በሊጉ ማንቼን ሁለት ጊዜ ክፍት አድርጎ ገጥሞ ሁለቴም ተሸንፏል። በማንቼ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 2 ለ 0፤ በሊጉ 49 ጨዋታ ያለ ሽንፈት የሄድንበት ጉዞ የተቋረጠው እዚያ ነው። በእኛው ሜዳ ሀይበሪ ላይ ደግሞ 4 ለ 2። ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው በር ቢገባ ሞኝ አይባልም?

ስለዚህ ኦዲተሩ ልክ ነበሩ ለማለት ዛሬ እንደ ድሮው አልደፍርም። ልክ ናቸው አይደሉም የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውየው ወረቀት ይዘው ነበር። እኛ የያዝነው ጩኸት ነው።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። አንድ ክረምት አራተኛ ፎቅ ላይ የአርማታ ሙሌት ነበረን። ሸራ አልተዘጋጀም፤ ተራፊ ቫይብሬተር፣ አርማታውን የሚያጠቀጥቀው ማሽን፣ የለም። ሰማዩ ጠቁሮ ውሎ ሳይዘንብ መሸ። በቀኑ ጨረስን ተብሎ በማግስቱ ምሳ ተጋበዝን፤ ክትፎ በላን። ምሳው ላይ “ዘንቦ ቢሆንስ?” ያለ ሰው አልነበረም። ቢኖርም “አፍህን በክትፎ ዝጋ” ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሳይት ላይ፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው አሠራር፣ ሸራ የለም። ዘነበ። የፈረሰውን ለማንሳት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሲሸነፉማ ስብሰባው አይቀርም፤ ኮሚቴም ይቋቋማል። ለክትፎው ቀን ነው ሰው የሚጠፋው።

ስለ ዛሬ ልጆች ትንሽ ልናገር፤ አትቀየሙኝ። ስለ አሰላለፍ ከእኛ በእጅጉ ታውቃላችሁ። እኛ “ይግፉ!” ከማለት ውጪ ቋንቋ አልነበረንም። ግን ጨዋታ አታዩም። ሁለት ደቂቃ ቁራጭ ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ስልክ ላይ ቁጥር ታነባላችሁ፣ ትፈርዳላችሁ። ከፊሎቻችሁ ደግሞ ቤቲንግ አስይዛችሁ ስለምታዩ ማሊያውን አታውቁትም፤ የምታውቁት የማዕዘን ምት ብዛት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲተች የሚቆጨው ገንዘቡ ነው።

የእህቴን ልጅ ግን በዚህ አላማውም። ልጁ 90 ደቂቃ ቁጭ ብሎ የሚያይ ነው። ቴን ሀግ ያን ቀን ሆይሉንድን ተጠባባቂ አድርጎ ብሩኖን ከፊት ማሰለፉ ትልቅ ሥራ እንደነበር እንኳ ነግሮኛል። ይሄን ግን ለጓደኞቹ አልነገራቸውም። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው ብዬ አስባለሁ። ያሸነፉበትን ትቶ የታመመውን ብቻ አወጣ። ደግሞ አሰልጣኙ ከተባረረ ወዲህ ያኔ የጻፈውን መልእክት በየሳምንቱ እየላከ “አላልኳችሁም?” ይላቸዋል። እኔ ብሆንም አኮርፈው ነበር። ዛሬ ማታ ልናገር ወይስ ነገ ጠዋት ካላችሁኝ፣ ነገ ጠዋት እላለሁ። ግን ኦዲተሩ ነገን ቢጠብቁ እኔ አላገኛቸውም ነበር። እናንተው ፍረዱ።

ሦስተኛው ነገር ምን ይሆን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የእኔ ግምት ስለ ቅያሪው ነው። በርካምፕ በ65ኛው ደቂቃ ሲወጣ ሊዩንበርግ ገባ፤ እውነተኛ አጥቂ የሆነው ቫን ፐርሲ የገባው 86ኛው ላይ ነው። በመሀል ያሉት ሃያ ደቂቃዎች ሁሉ የማንቼ ነበሩ። ባለቤቴ ግን “የቬንገር ጉዳይ አይመስለኝም፤ የእናንተ የደጋፊዎቹ ጉዳይ ይሆናል” ትለኛለች። እሷ ኳስ አታይም። የተሻለ ግምት ያለው ካለ ይጻፍልኝ፤ ብቻ 120ውን ደቂቃ በሙሉ ያየ ይሁን።