ተናጋሪውን ሳያውቁ ንግግሩን ማንበብ ይቻላልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ያደረጉትን ንግግር ለተማሪዎቼ አቅርቤ ነበር። ከፊሎቹ፣ የተናጋሪው የሕይወት ታሪክ ፍርዳችንን አስቀድሞ ስለሚያዛባው ቃላቱን ብቻ እንመርምር አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የወሎን ረሃብ እያነሡ ንግግሩን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አላምን አሉ። የትኞቹን ላርም?
አንድ መምህር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት ጊዜን ነው። ንግግሩ እስከተደረገባት ሰዓት የተኖረው ሕይወትና ከዚያች ሰዓት በኋላ የተኖረው ሕይወት ተደባልቀው መቅረብ የለባቸውም። የፊተኛውን ተናጋሪውም ሰሚዎቹም ይዘውት ወደ አዳራሹ ስለገቡ በቃላቱ ውስጥ አለ፤ የኋለኛው ግን ስለ ሰውየው ለመፍረድ ይጠቅም እንደሆነ እንጂ ንግግሩ በዚያን ቀን ምን ይል እንደነበር ሊነግረን አይችልም።

ቃላቱን ብቻ እንመርምር ለሚሉት ተማሪዎችዎ በቅድሚያ የንግግሩን መግቢያ ያሳዩአቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንግግራቸውን የጀመሩት ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕና ከስምንት ወራት በፊት ቃል የተገባለትን እርዳታ ለመጠየቅ መምጣታቸውን በመግለጽ ነው። ወዲያው አስከትለው፣ አንድ ርእሰ መንግሥት በዚህ ጉባኤ ራሱ ቀርቦ ሲናገር ከዚህ በፊት ታይቶ እንደማይታወቅ ተናገሩ። ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ይህ የክብርና የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ይመስለዋል። ነገር ግን ተናጋሪው መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ድል ተነሥተው፣ ሚያዝያ 24 ቀን በጅቡቲ ባቡር አገራቸውን ለቀው የወጡ ንጉሥ ነበሩ፤ የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከመውጣታቸው በፊት በመኳንንቱ መካከል ብርቱ ክርክር ተደርጎ ነበር፤ ንጉሥ ከሠራዊቱ ጋር ተዋግቶ ይሞታል እንጂ ባሕር አይሻገርም የሚሉ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ ገና 68 ዓመት፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ 47 ዓመት ቢሆን ነው፤ ይህንን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ «እኔ ራሴ ቀርቤአለሁ» የሚለው ቃል ሁለት ሰሚ አለው፦ በአዳራሹ የተቀመጡት መልእክተኞች፣ እንዲሁም በአገር ቤት «ለምን ሄደ?» ብሎ የሚጠይቀው አርበኛ። ሁለተኛውን ሰሚ ያላየ አንባቢ መግቢያውን ግማሽ ብቻ አንብቦታል።

ንግግሩ ስለ ማኅበሩ የሚለውም እንዲሁ ነው። ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን ትናንሽ መንግሥታት በፊርማ የተሰጣቸው ዋስትና ዋጋ ይኑረው አይኑረው የሚለው ነው ብለው ሲከራከሩ፣ ክርክሩን የሕግ ባለሙያም ሊያቀርበው ይችል ነበር። ሆኖም ኢትዮጵያን በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደዚህ ማኅበር ያስገቧት እሳቸው ራሳቸው፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በነበሩበት ዘመን፣ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነበረውን ጥርጣሬ ተቋቁመው ነው፤ ጣልያንም በዚያን ጊዜ ድምጿን ሰጥታ ነበር። በ1920 ዓ.ም. ከዚችው ከጣልያን ጋር ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል የተፈረመውም በእሳቸው እንደራሴነት ጊዜ ነው። ስለዚህ በጄኔቭ የቆሙት የተበደለ አገር ጠበቃ ብቻ ሆነው ሳይሆን የ13 ዓመት ፖሊሲያቸው በዓይናቸው ፊት የፈረሰባቸው ሰው ሆነው ጭምር ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ በወቀሳው ውስጥ ራስን መከላከልም እንዳለ ያስተውላል። እኔ ንግግሩን ይህ ያሳንሰዋል ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም ውሉን አምኖ የፈረመ ሰው ውል ፈረሰ ሲል አቤቱታው ከማንም የበለጠ ክብደት አለው።

ስለ መርዝ ጋዙ የተነገረው ክፍል ከሁሉ ይበልጥ በዝግታ ሊነበብ ይገባዋል። አውሮፕላኖች ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው ሲመጡ፣ የሚረጩት ጉም አንድ ወጥ መጋረጃ ሆኖ በወታደሩ፣ በሴቱና በሕፃኑ፣ በከብቱ፣ በወንዙና በግጦሹ ላይ እንደወረደ ይተርካሉ። ተማሪዎች ይህንን ሁሉ የዓይን ምስክርነት አድርገው ይወስዱታል። የሕይወት ታሪኩ ግን ጠንቃቃ እንድንሆን ያደርገናል። ትረካው የሚጀምረው በመቀሌ ዙሪያ በጥር ወር በተደረገው ውጊያ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ወቅት ጠቅላይ ሰፈራቸው ደሴ ነበር፤ የተምቤኑን ግንባር የመሩት ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ናቸው። በገዛ ዓይናቸው ያዩት ከማይጨው በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ በሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ የወረደውን ነው። ንግግሩም ይህን አይደብቅም፤ አብረዋቸው የመጡት መኳንንት የመከራው ምስክሮች መሆናቸውን በግልጽ ይናገራል፤ ራስ ካሣም አብረዋቸው ከተሰደዱት አንዱ ነበሩ። እንግዲህ የተናጋሪውን ሕይወት ማወቅ እዚህ ላይ የሚጠቅመን ለማድነቅ ወይም ለመጠራጠር ሳይሆን የትኛው ዓረፍተ ነገር የታየ፣ የትኛው የተሰማ እንደሆነ ለመለየት ነው።

በዚህ አንጻር አንድ ወጥመድ አለ። አባታቸው ራስ መኰንን በ1888 ዓ.ም. የመቀሌን ምሽግ ከብበው ጣልያኖቹን ካስጨነቁ በኋላ በድርድር እንዲወጡ ያደረጉ የጦር መሪ ነበሩ። ልጅየው ከ40 ዓመት በኋላ ስለ መቀሌ ሲናገሩ የአባታቸውን ምሕረት ከጣልያን ጭካኔ ጋር ያነጻጽራሉ ብሎ መጻፍ እጅግ ያጓጓል። ግን በንግግሩ ውስጥ ለዚህ አንድም ፍንጭ የለም፤ መቀሌ የተጠራችው ውጊያው እዚያ ስለነበር ነው። ጽሑፉ ያልጠራውን የሕይወት ታሪክ ገጽታ እኛ ጎትተን ብናስገባው የምናነበው የራሳችንን ድርሰት ይሆናል።

ወደ ሁለተኛዎቹ ተማሪዎች ስንመለስ፣ የእነሱ አንባቢነት ከየት እንደመጣ መረዳት አያስቸግርም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ በዋዜማው፣ የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ጎን ለጎን የሚያሳይ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ያንን ያየ ትውልድ «ሕዝቤ» የሚለውን የጄኔቭ ቃል ያለ ምሬት ሊያነበው አልቻለም፤ ምሬቱንም ለልጆቹ አወረሰ። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. የተነገረን ቃል ከ37 ዓመት በኋላ በተሠራ ጥፋት ማስተባበል የቀን መቁጠሪያን መገልበጥ ነው።

አድናቂዎቹም ይህንኑ ስሕተት በሌላ አቅጣጫ ይሠሩታል፤ የሚገርመው እነሱን የሚወቅሳቸው አለመኖሩ ነው። በንግግሩ ፍጻሜ «ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ?» የሚል ጥያቄ አለ። በ1933 ዓ.ም. በድል መመለሳቸውን የምናውቅ እኛ ጥያቄውን ትንቢት አድርገን እናነበዋለን። በዚያን ቀን ግን የሚመለሱበት አገር በጠላት እጅ ነበር፤ ጉባኤው በጣልያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት የወሰነው በዚያው ሳምንት ነው፤ እንግሊዝም ከሁለት ዓመት በኋላ የጣልያንን ወረራ አጽድቃለች። ጥያቄው መልስ ያልነበረው ጥያቄ ነው። ድሉን ስናስገባበት ፍርሃቱን እናወጣበታለን።

ከንግግሩ በፊት የነበረው ሕይወት ደግሞ ሁልጊዜ ለተናጋሪው ይመሰክራል ማለት አይደለም። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቀርበው የጄኔቩን ቀን አስታወሱ፤ አንዱ ዘር ከሌላው ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ እስኪወገድ ድረስ ሰላም እንደማይኖርም ተናገሩ። ከዚያ በፊት፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ይኸው ድርጅት በውሳኔው ያቋቋመው የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፈርሶ ነበር። ይህ ሰሚዎቹ ሁሉ ሊያውቁት የሚችሉት የቅርብ ነገር በመሆኑ፣ ስለ ትናንሽ ሕዝቦች መብትና ስለ ድርጅቱ ውሳኔዎች መከበር የተነገረውን ሁሉ ከዚህ ጋር አያይዞ መመርመር ተገቢ ነው። እዚህ ላይ «የሕይወት ታሪክ አያገባንም» የሚል አድናቂ ቢነሣ አልቀበለውም።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ ንግግሩን መጀመሪያ ከነቀኑ ብቻ ይስጧቸው፤ ቀጥሎ እስከዚያ ቀን ያለውን ታሪክ ይጨምሩላቸው፤ የ1933ንና የ1966ን ነገር ለሌላ ክፍለ ጊዜ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ የጄኔቩን ንግግር ያረቀቁት አማካሪዎች ናቸው ይባላል። ታዲያ የማንን ሕይወት ነው የምንመረምረው?
አንድ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው። በዝግጅቱ አማካሪዎች መሳተፋቸው የተለመደ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ከሁሉ በላይ ስማቸው የሚነሣው ሎሬንሶ ታእዛዝ ናቸው። ሎሬንሶ በጣልያን ቅኝ በነበረችው ኤርትራ ተወልደው ያደጉ፣ ከዚያ ወጥተው በፈረንሳይ ሕግ የተማሩ ሰው ስለነበሩ፣ ከእግዚአብሔር መንግሥት በቀር በምድር ላይ ከሌላው የሚበልጥ መንግሥት የለም የሚለውን የንግግሩን ሐሳብ ከእሳቸው ኑሮ ጋር ማያያዝ ያጓጓል። ሆኖም የትኛው መስመር ከማን እጅ እንደወጣ ሳይታወቅ እንዲህ ማድረግ፣ ከላይ ስለ መቀሌ ያነሣሁትን ስሕተት መድገም ነው።

የግጥም ባለቤት የጻፈው ነው፤ የንግግር ባለቤት ግን ቆሞ የተናገረውና ተጠያቂነቱን የተሸከመው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መድረኩ ሲወጡ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን ሲያውኩ፣ እነዚያ እስኪወጡ ድረስ ወረቀታቸውን ይዘው በጸጥታ የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈረንሳይኛ የተማሩ ሲሆኑ፣ ጥቂት ሰው ብቻ በሚረዳው በአማርኛ መናገርን መርጠው መልእክተኞቹ ትርጉሙን እንዲጠብቁ አድርገዋል። አርቃቂው ማንም ይሁን ማን፣ ይህ ምርጫ የተናጋሪው ነው።