"አለ" እና "ይሠራል"

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ኬሚስትሪ ለምትማሩት መጀመሪያ ስለ ብርዱ ላውራ። የሰሜን ሸዋን ውርጭ አላስተዋውቃችሁም፤ ለሊቱን ከእናንተ ጋር ያድራል። ከተማው ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ደግሞ ከ16.6 ዲግሪ በታች ይረጋል። ጠዋት ስቶር ስትገቡ ጠርሙሱ ውስጥ በረዶ የመሰለ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። "ተበላሽቷል" ብሎ ሊደፋው የተነሳ አይቻለሁ፤ "እሳት ላይ ላሟሟው" ያለም አይቻለሁ። የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። 40 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ትነቱ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙትና ታገሡት።

ጋቢም አለ። ጋውን ላይ ጋቢ ደርቦ ቡንዘን በርነር አጠገብ የሚቆም ተማሪ ሳይ ሆዴ ይፈራል። ሹራብ ልበሱ፣ ያውም ከጋውኑ ሥር። መብራት ከሄደ መጥፎውን ትነት ስቦ የሚያወጣው ፊውም ሁዱም ይቆማል። ያኔ ጠርሙሱን ከድናችሁ ውጡ። "ትንሽ ነው የቀረኝ" የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከ30 ዓመት በላይ በተለያዩ ቦታዎች የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። የት እንደሆነ ይቅርና፣ አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ዓይን ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኃይለኛ ቤዝ ተፈናጠረ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላው ነበር። እየጎተትኩ ወደ ዓይን ማጠቢያው ወሰድኳትና ከፈትኩት። ቧንቧው እንደ ጉንፋን በሽተኛ ሁለቴ ሳለና ዝም አለ።

ተማሪዎቹ የሚጠጡትን ውሃ በየሃይላንዱ አመጡ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ዓይን ደግሞ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያቋርጥ መታጠብ አለበት፤ ቤዝ ሲሆንማ ከአሲድ ይብሳል፣ ወደ ውስጥ እየሰረሰረ ይገባል። ያዳነን የጥበቃው ልጅ ነው። ለሻይ ያስቀመጠውን ጀሪካን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። የልጅቷ ዓይን ተረፈ።

ማታ ቢሮ ገብቼ የወሩን ቼክ ሊስት አወጣሁ። "ዓይን ማጠቢያ" ከሚለው ፊት ለፊት በራሴ እጅ "አለ" ብዬ ፈርሜያለሁ። አልዋሸሁም። አለ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ከዚያ ወዲህ ቅጹ ላይ "አለ" የሚለውን ሰርዤ "ይሠራል" አልኩት። "ይሠራል" ብሎ ለመፈረም መክፈት ግድ ነው። ሰኞ ሰኞ ከፍቼ ዝገቱ ወጥቶ ውሃው እስኪጠራ አፈሰዋለሁ። ውሃ ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ሒሳብ ሠራሁ። በደቂቃ ሊትር ተኩል ብንል ለ15 ደቂቃ 22 ሊትር ተኩል ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንዱ አይበቃም፤ ሁለት አስቀመጥኩ። ውሃቸውን በየሳምንቱ እቀይራለሁ።

ሃይላንድ ካነሳሁ አይቀር፦ ኬሚካል በሃይላንድ አትቅዱ። ስም ብትለጥፉበትም አትቅዱ። የጠማው ሰው ስም አያነብም።

"ይሠራል" የምትለዋን ያቺን አንድ ቃል ይዛችሁ ግቢያችሁን ዙሩበት። እሳት ማጥፊያ አለ፤ የግፊት መለኪያው ቀስት አረንጓዴው ላይ ነው ወይ? የአደጋ ጊዜ መውጫ በር አለ፤ ቁልፉ ግን ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ ምሳ ሄዷል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ አለ፣ ቁጥሩም 907 ነው። ግን "ላብራቶሪ ነን" ብትሉት ሾፌሩ ከስንቱ ሕንፃ የቱን ይምረጥ? ዋናው በር ድረስ ሮጦ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ሴሚስተሩ ሲጀመር ተነጋገሩ። እኔ ሁልጊዜ ፈጣን ሯጭ እመርጥ ነበር፤ ጎበዝ ተማሪ መሆን አያስፈልገውም።

የጥበቃው ልጅ ከዚያ በኋላ ሰኞ ጠዋት ባለፈ ቁጥር አንገቱን በበሩ ያስገባ ነበር።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ውሃ አለ?"

"ና ራስህ ክፈተው" እለዋለሁ።