እንስሳት ሕክምና ለሚገባው ወንድምሽ፦ ከስንት በፊት እንዴት

እህቴ፣ ወንድምሽ ባህር ዳር ገብቶ እንስሳት ሕክምና መማር እንደሚፈልግ ጽፈሽ፣ «በወር ስንት ብንልክለት ይበቃዋል?» ብለሻል። የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ይህንኑ ትምህርት ተምሬ ስለወጣሁ ያየሁትን ልንገርሽ። ከስንት በላይ ወሳኙ አላላካችሁ ነው።

ፎቁ አልጋ ላይ የሚተኛ ጓደኛ ነበረን። ቤተሰቦቹ ደህና ብር ይልኩለታል፤ ግን የወሩን ባንዴ። ብር በገባ ሰሞን ከተማ መመላለስ ነው፤ ጣና ዳር ዓሣ፣ ጁስ፣ ግብዣ። ወሩ ሳይጋመስ ሳሙና መግዣ ያጣና «ቴሌብር እንደኪሴ» የሚባለውን የስልክ ብድር ይጠቀማል። ቀጣዩ ብር ሲገባ ዕዳው ከነአገልግሎት ክፍያው ቀድሞ ይቆረጣል። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ሁሌ ብድር ላይ ነው። በጣም ያሳዝነኝ ነበር። እባክሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ ላኩለት።

ዶርም ውስጥ ትንሽ እቁብ ይግባ። እኛ የመስክ ልምምድ ሲቃረብ ዕጣውን ቦቲ ጫማ ላልገዛ ልጅ እናስቀድም ነበር። ጋዋኑም ቦቲውም ከኪስ ነው፣ ያውም ባንድ ሰሞን የሚመጣ ወጪ።

ኮስት ሼሪንግን፣ ማለትም ተመርቆ የሚከፍለውን የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ብዙ ልጅ ሳያነብ ፈርሞ «መንግሥት ያስተምረኛል» ይላል። ምግብና መኝታው ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶው በስሙ ይመዘገባል። ነን ካፌ ሆኖ፣ ማለትም የግቢውን ምግብ ትቶ፣ በእጁ የሚቀበለው የምግብ ብርም ያው ዕዳ ነው፤ የኪስ ገንዘብ እንዳይመስለው። ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። የእኛ ትምህርት ደግሞ ረጅም ነው፣ ስድስት ዓመት። አካውንቲንግ የገቡ የሰፈሩ ልጆች ደሞዝተኛ ሲሆኑ እሱ ገና ተማሪ ነው። ያኔ በልብስና በስልክ እኩል ልሁን ማለት ይመጣል። ብዙዎቹን ያስቸገረው ይኼ ነው። ጉዳዩን አሁኑኑ፣ ገና ቤት ሳለ አንሱለት።

ስንት ላላችሁት፣ የመጀመሪያውን ወር ወጪውን እስከ ባጃጁ ድረስ ጽፎ ይላክላችሁ። ቁጥሩን ከዚያ ላይ አብራችሁ ወስኑ።