ባህር ዛፍ ተብሎ የሚሸጥ መሬት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰበታ አካባቢ ከአንድ ገበሬ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በ800 ሺህ ብር ልገዛ ነው። ደላላው ያመጣው ውል ስለ መሬት ምንም አይልም፤ «የባህር ዛፍና የአጥር ሽያጭ» ነው የሚለው። ሦስት ሽማግሌዎች ይፈርማሉ፤ ገበሬው ደግሞ «የማይሻር» ውክልና ይሰጠኛል። ያዋጣኛል? ሰውየውንስ እየበደልኩት ይሆን?

መልስ፦ አይክፈሉ። ውሉ ባህር ዛፍ የሚለው፣ መሬት የሚል ውል እንደማይጸና ደላላው ስለሚያውቅ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው በእጁ ያለው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥ ንብረት አይደለም። ክርክር ሲነሳ «ለአሥር ግንድ ባህር ዛፍ 800 ሺህ ብር ከፈልክ?» ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? ውሉ ሲፈርስ ቦታው ለእርሱ፣ የከፈሉት ብር ለእርስዎ ይመለሳል። ያውም ብሩ በእጁ ካለ ነው፤ በዚያ ላይ ከዓመታት በኋላ ያ ብር የቦታውን ግማሽ እንኳ ላይገዛ ይችላል።

በውክልናውም አይጽናኑ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ይሽራል፤ «የማይሻር» የሚለው ቃል አያግደውም። ወካዩ ሲሞት ደግሞ ውክልናው ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀራል፤ ያኔ ፊትዎ የሚቆሙት ልጆቹ ናቸው።

በደሉን ጠይቀዋልና፣ የገበሬውን የይዞታ ደብተር ያስወጡና ይመልከቱት። ደብተሩ ላይ ብዙ ጊዜ የባልም የሚስትም ስም አለ፤ ውሉ ላይ ግን ሚስቲቱ የሉም። ከዚያ ቦታ የምትበላው እሷና ልጆቿ ናቸው፤ ሳይጠየቁ ነው የሚሸጥባቸው። እንዲህ ያለው ሽያጭ የትም ስለማይመዘገብ ያንኑ ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው መሸጥም ቀላል ነው። መንግሥት ቦታውን ለልማት ቢያነሳ ደግሞ ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ባለይዞታ ለሆነው ነው፤ ያለ ፈቃድ ለሠሩት ቤት እርስዎ የሚያገኙት የለም።

ካርታ ያለው ቤት ይፈልጉ። የካርታውን ኮፒ አይመኑ፤ ባለይዞታው ራሱ አብሮዎት መሬት አስተዳደር ሄዶ ፋይሉ ይውጣ፤ ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ገላን አሁን በኦሮሚያዋ ሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ ፋይሉን አዲስ አበባ መፈለግ ድካም ብቻ ነው። ከዚያ ቀያሽ ይዘው ካርታው ላይ ያሉትን የወሰን ነጥቦች መሬት ላይ ያስለኩ። አጥር ጥቂት ሜትር ወደ ጎረቤት ገብቶ መገኘቱ ብርቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ሱቆች ያሉት ሕንፃ በ6 ሚሊዮን ተስማማን። ሻጩ «ውሉ ላይ 2 ሚሊዮን እንጻፍ፤ ግብሩን ምን ያደርግልናል» ይላል።

መልስ፦ ግብሩ የሚቀርለት ለእርሱ ነው። እርስዎ ነገ በ7 ሚሊዮን ቢሸጡት ትርፉ ከተጻፈው 2 ሚሊዮን ተነስቶ ይሰላል፤ ማለትም የእርሱን ግብር በእርስዎ ላይ አዙሮ ሄደ። ሽያጩ ቢፈርስ ደግሞ በእጅዎ ያለው ማስረጃ የ2 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ የቀረውን 4 ሚሊዮን በምን ያስረዳሉ? ቀብዱም ቢሆን ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ሕጉ ያዛል፤ እጥፍ የሚሆነው ግን መከፈሉ የታወቀው ነው። ሙሉውን ዋጋ ያስጽፉ፤ ቀብዱንም ቀሪውንም በባንክ ያስተላልፉ፤ ውሉን ውልና ማስረጃ ይፈራረሙ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱ ወይም የባሏ ፊርማ ይኑርበት፤ ያለዚያ ያልፈረመው ወገን ሽያጩን በፍርድ ቤት ሊያስፈርሰው ይችላል። ግብር መደበቁ በአገር ላይ የሚፈጸም ስርቆት መሆኑን ግን ሻጩ ራሱ ያውቀዋል፤ ባያውቀው ኖሮ በሹክሹክታ አይነግርዎትም ነበር።

ጥያቄ፦ ደላላ ነኝ። ሻጯ «3 ሚሊዮን ከገባልኝ ይበቃኛል» አሉኝ። በ3 ሚሊዮን 400 ሺህ ብሸጠው ላዩ የእኔ ነው?

መልስ፦ ወይዘሮዋ «ከ3 ሚሊዮን በላይ ያለው ላንተ» ብለው ከፈረሙ ያንተ ነው። ካልፈረሙ የተቀበልከውን በሙሉ ቆጥረህ ማስረከብ አለብህ፤ የሚገባህ የተስማማችሁበት ኮሚሽን ነው። ከሁለቱም ወገን የምትቀበል ከሆነም ሁለቱም ከቀብዱ በፊት ይወቁት። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተገናኝተው ዋጋውን በየራሳቸው አንደበት ይናገሩ፤ ቀብዱም በአንተ እጅ አይለፍ።