ሴራሚኩን ተዉት፣ ሮቶውን እዩ፦ የባሕር ዳር ኪራይ ቤት ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ቤት ለሚፈልጉ፣ ለሚቀይሩና ለሚያከራዩ ሰዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። የሚመሳሰሉት ጥያቄዎች አንድ ላይ ተደርገዋል።

ጥያቄ፦ ተከራይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ዋጋውን ነው አይደል?

መልስ፦ ዋጋውን ካልቻለውማ መጀመሪያውኑ ቤቱን ሊያይ አይሄድም። ከሚችላቸው መካከል ሲመርጥ ግን ዓይኑ ሴራሚክና ቀለም ላይ ያርፋል። ሦስት ወር ሳይሞላው ዕቃውን የሚያስጭነው ደግሞ ውሃው፣ ቆጣሪው ወይም ሽንት ቤቱ ነው። ስለዚህ በዚሁ ተራ እዩ። የክፍሉን ስፋት መጨረሻ ላይ ብትለኩት ምንም አይቀርባችሁም።

ጥያቄ፦ አከራዩ «ውሃ አለ፣ ሮቶም አለ» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝና ለስንት ሰው እንደሆነ ጠይቅ፤ ከዚያ አስላው። ግቢው ውስጥ ከነአከራዩ 16 ሰው አለ እንበል። ለምግብ፣ ለገላና ለልብስ በቁጠባ ለአንድ ሰው 35 ሊትር ቢያዝ በቀን 560 ሊትር ይሄዳል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ቀን አይደርስም። ፈረቃው በአምስት ቀን አንዴ ከሆነ የቀረውን ጀሪካን ነው የሚሸፍነው። ባለ 3,000 ከሆነ አምስቱን ቀን ያደርሳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሮቶው ለዋናው ቤት ብቻ ተዘርግቶ ሰርቪስ ቤቶቹ በቀጥታ ከመንገዱ መስመር የሚጠጡበት ግቢ ሞልቷል። ፈቃድ ጠይቅና ከውሃ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቫልቭ ዘግተህ የምትከራየውን ክፍል ቧንቧ ክፈት። ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ለጥቂት ሰከንድ ይፈሳል፣ እሱ አያታልልህ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ከወረደ ከሮቶው ነው። ከቆመ «ሮቶ አለ» የተባለው ለአንተ አይደለም።

ጥያቄ፦ መብራት በአንድ ቆጣሪ ነው፣ ሒሳቡ በቤተሰብ ቁጥር ይካፈላል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚወጣው፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ዝቅተኛው ዋጋ ነው፣ ከዚያ እየጨመረ 500ን እስኪያልፍ ይሄዳል። አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ 60 ቢጠቀም ቆጣሪው ላይ 240 ይነበባል፤ ማናቸውም ለብቻቸው የማይደርሱበት እርከን ነው። ለክፍሉ ብቻ የተገጠመች ትንሽ ቆጣሪ ካለች ቢያንስ የሌላውን ሰው ምጣድ አትከፍሉም። በገባችሁበት ቀን ንባቡን በስልክ ፎቶ አንሱት።

ጥያቄ፦ ምጣድን ካነሳችሁ አይቀር፣ ለምንድን ነው አከራዮች የሚከለክሉት?

መልስ፦ ከስስት ብቻ አይደለም። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። አንዳንዱ ሽቦውን ትቶ ብሬከሩን በትልቅ ይቀይረዋል። ያኔ ብሬከሩ አይወርድም፣ ሽቦው ግን ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ሶኬቱ ጠርዙ ላይ ከጠቆረ ወይም ፕላስቲኩ ከተሸበሸበ እዚያ ቦታ ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። ለምጣድ ራሱን የቻለ ብሬከርና 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢኖር ጥሩ ነው። ወጪውንም አስቡት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ በወር አሥር ጊዜ ከጋገራችሁ ዝቅተኛውን እርከን ምጣዱ ብቻውን ጨረሰው። «ምጣድ ይፈቀዳል?» የሚለውን ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ፔዳ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር ነው። ሐይቁ አቅራቢያ የሚያምር ቤት አገኘሁላት፣ ያየሁት ግን ግንቦት ላይ ነው። ልያዘው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሳይቸኩሉ አንድ ጊዜ ይመለሱ። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ጣና ደግሞ ሞልቶ ከፍ የሚለው ዝናቡ ጋብ ካለ በኋላ፣ መስከረም አካባቢ ነው። ግንቦት ላይ ደረቅ የሆነ ግድግዳ ስለ ክረምቱ ብዙም አይናገርም።

ከወለሉ እስከ ጉልበትዎ ድረስ ያለውን ግድግዳ ይመልከቱ። እዚያ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ በጣት ሲነካ ነጭ ዱቄት ከወጣ ወይም ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ እርጥበት ከታች እየወጣ ነው፤ ቀለም አያቆመውም። የቤቱ ወለል ከግቢው ቢያንስ ሁለት ደረጃ ከፍ ይበል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅም አለ። ጥቁሩ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱን ይዞ ይነሳል ይወርዳል። እንደ ፀጉር የቀጠነው አያስጨንቅም፤ ሳንቲም የሚያስገባ ሆኖ በሩም አልገጥም ካለ ይተዉት።

ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከሆነ ሐይቁ አቅራቢያ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ክረምት ላይ ሰው ሳይበዛበትም ይሞላል። መምጠጫ መኪና ሲጠራ ማን እንደሚከፍል አሁኑኑ ይስማሙ። መስኮቶቹ ወንፊት አላቸው? ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ጊዜ ነው፣ ልጅዎ ደግሞ ማታ መስኮት ከፍታ ታጠናለች። አጎበሩም አይቅር።

ጥያቄ፦ አባይ ማዶ ይሻለኛል ወይስ መሃል ከተማ? ሥራዬ መሃል ከተማ፣ ፋሲሎ ነው።

መልስ፦ የኪራዩን ልዩነት ከባጃጁ ጋር አወዳድር። ሁለት ባጃጅ የምትቀይር ከሆነ በቀን አራት ጊዜ ትከፍላለህ፤ በ26 የሥራ ቀን 104 ጊዜ። ልዩነቱ ከዚያ ካልበለጠ አልረከሰልህም። ግንቦት 2016 የተከፈተው 380 ሜትሩ አዲስ ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤትህ ያለው ጭቃ ግን ያው ነው። ጠዋት 1:30 ላይና ማታ 2 ሰዓት ላይ ሄደህ ባጃጅ ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደቆምክ ቁጠር። የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋም በዚያው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የስድስት ወር ቅድሚያ ተጠየቅኩ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ውሉም ይመዘገባል፤ የት እንደሚመዘገብ ክፍለ ከተማህን ጠይቅ። የቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፉን ብዛት፣ የተሰበረ መስታወት ካለም ውሉ ላይ አስጽፍ። ስትወጣ ክርክር የሚነሳው በእነዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አከራይ ነኝ። ሦስት ሰርቪስ ቤት አለኝ፣ ተከራይ አይበረክትልኝም። ሴራሚክ ላንጥፍ?

መልስ፦ ሊሾው ካልተቦረቦረ ይቆይዎት። መጀመሪያ የሦስቱን ቧንቧ ከሮቶው ጋር ያገናኙ፣ ሮቶውም ካነሰ ይጨምሩ። ቀጥሎ ለየክፍሉ ቆጣሪ ያስገጥሙ፤ በየወሩ መብራት ሲካፈሉ የሚነሳው ጭቅጭቅ በዚህ ይቀራል። ከተረፈዎት ጣሪያው ሥር ኮርኒስ ያስመቱ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮው ሲግል ተከራዩ ቀን ቤት ውስጥ መቀመጥ አይችልም፣ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲመታው የስልክ ወሬ አያሰማም። ለሴራሚኩ ገንዘብ ከቀረ ሽንት ቤቱን ያልብሱበት።