ከመሃል በኋላ የሚያብዱት የአዳራሽ መብራቶች

ከደብረ ብርሃን የጻፈልን ወንድማችን በአንድ የሠርግ አዳራሽ መብራትና ድምፅ ይሠራል። 20 የኤልኢዲ ፓሮች (ባለቀለም የመድረክ መብራቶች) በዲኤምኤክስ ገመድ፣ ማለትም የመብራት ትእዛዝ በሚያስተላልፍ ገመድ ተያይዘው ከአንድ ኮንሶል (መቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ይታዘዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ዘጠኙ ልክ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ግን ሠርጉ መሃል ቀለማቸውን በራሳቸው ይቀያይራሉ፣ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሁለት ፓር ቀይሯል፣ ኮንሶሉም ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ «የፓሩን ብረት ስነካ እጄን ትንሽ ይነዝረኛል» ብሎ ጨምሯል።

ወንድሜ፣ ከዚህችው ልጀምር። ትንሽ መንዘር የሚባል ነገር የለም። በዲኤምኤክስ ገመድ የሚሄደው ጥቂት ቮልት ነው፣ እጅ አይነዝርም። የነዘረህ ከ220ው የመጣ ነው። ወይ የአንዱ ፓር ኧርዝ (የፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ተቆርጧል፣ ወይ ሶኬቱ ከነጭራሹ ኧርዝ የለውም። ስፒከሩ «እምም» ሲልባቸው ያን ለማጥፋት የስፒናውን ኧርዝ ቆርጠው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ስንቱን አዳራሽ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት! ኧርዝ ያጣ ፓር ብረቱ ላይ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፣ በዲኤምኤክስ ገመዱ ሺልድ (የውስጡን ሽቦዎች በሚሸፍነው ብረት) በኩልም ወደ ጎረቤቱ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ብሬከሩን ሳታወርድና በቴስተር ሳታረጋግጥ መሰላል ላይ እንዳትወጣ። መነዘሩ ራሱ ባይጎዳህ ከመሰላሉ ይጥልሃል።

አሁን ወደ ብልጭታው። የፊተኞቹ ደህና ሆነው የኋለኞቹ ካበዱ፣ ፓርና ኮንሶል ተቀይሮም ካልዳነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ቁጥሩም አልበዛም፣ አንድ መስመር እስከ 32 ይችላል። እኔ የምጠረጥረው የመስመሩ ጫፍ ባዶ መሆኑን ነው።

ጣርማ በር ላይ ቆመህ ወደ ገደሉ ተጣርተህ ታውቃለህ? «አበበ!» ስትል ገደል ማሚቶው «አበበ!» ብሎ ይመልስልሃል። አንድ ቃል ብለህ ዝም ካልክ ችግር የለም። ሳታቋርጥ የምታወራ ከሆነ ግን የተመለሰው ድምፅ ገና ከምትናገረው ጋር ይደባለቃል፣ ማዶ ያለው ሰው ምን እንዳልክ አይለይም። ዲኤምኤክስ የማያቋርጥ ወሬኛ ነው። በሰከንድ 250,000 ቢት ይልካል፣ ለአንዱ ቢት የሚደርሰው 4 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው። ምልክቱ ባዶ ጫፍ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣና ይመለሳል፣ የሚመጣውንም ይረብሻል። ገመዱ አጭር ሲሆን ማሚቶው ቶሎ ስለሚሞት አትሰማውም። በአምስት ፓር ደህና የሚሠራ መስመር ሲጨመርበት የሚያብደው ለዚህ ነው። ጫፉ ላይ 120 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ስታደርግ ግን ምልክቱ እዚያው ይዋጣል። ገደሉ ሜዳ ሆነ ማለት ነው።

ሬዚስተሩ የሳንቲም ዕቃ ነው። ወንድ ኤክስኤልአር ጃክ (ባለ ሦስት ፒኑን መሰኪያ) ፈትተህ በፒን 2 እና 3 መካከል በካውያ በይደው፣ ፒን 1ን አትንካ። ጃኩን በመጨረሻው ፓር መውጫ ላይ ሰካው።

አንድ ነገር ደግሞ ልገምት። መድረኩ አጠገብ ገመዱ ተልጦ፣ ሌላ ገመድ ተጠምዝዞበት በናስትሮ የተጠቀለለ ቦታ የለም? ካለ አፍርሰው። ዲኤምኤክስ ቅርንጫፍ አይወድም። ከአንዱ ፓር ወጥቶ ወደ ቀጣዩ እየገባ በአንድ መስመር ይሂድ። አዳራሹ ሁለት ክንፍ ካለውና የግድ መከፈል ካለበት ስፕሊተር (ምልክቱን ለየመስመሩ አባዝቶ የሚልክ ሣጥን) ግዛ፣ ያኔ እያንዳንዱ ክንፍ የራሱ ሬዚስተር ይኑረው።

ገመዱንም እየው። የማይክ ገመድ ከሆነ ዞሮ ዞሮ ያስቸግርሃል። ጃኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው ይሳሳታል እንጂ ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም። በተለይ ያ ርካሹ፣ ስትልጠው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ያለው፣ ሁለት ጊዜ ታጥፎ የሚበጠሰው! የዲኤምኤክስ ገመድ ካጣህ ለቋሚ ዝርጋታ ካት 5 የኔትወርክ ገመድ ይሻላል። ለፒን 2 እና 3 አንድ ጥምዝ ጥንድ ተጠቀም፣ ከሁለት ጥንድ አንድ አንድ አትልቀም። ከ220 ገመድ ጋርም በአንድ ቱቦ አታስገባው። ልጡ የተላጠ ቀን ያ ሁሉ ፓር፣ ኮንሶሉም፣ አንተም 220 ላይ ናችሁ።

ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከአንድ ቦታ ጀምሮ ካበደ፣ እዚያ ያለውን ፓር ዝለለው። የሚገባበትንና የሚወጣበትን ገመድ ነቅለህ እርስ በርስ ሰካቸው። የቀሩት ከተረጋጉ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ሥራውን ግን ከኧርዙ ጀምር። ብሬከሩን አውርድ፣ የ20ውንም ስፒና አንድ በአንድ ፈትተህ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ቦታው መሆኑን እይ። ሶኬቱ ራሱ ኧርዝ ከሌለው ከሚቀጥለው ሠርግ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋልህ። እስከዚያ ፓሮቹ አይበሩ።